«በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» ብለህ ፈርም ተባልኩ፣ ምን ይሻለኛል?

ታይም ኪፐሩ፦
ሰላም ወገኖች። ሳይት ላይ ታይም ኪፐር ነኝ። ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ እመዘግባለሁ፣ የማሽን ሰዓት እይዛለሁ። ቦታው ከቦሌ ወዲያ፣ ዋልካ አፈር ያለበት ሰፈር ነው። የድርጅቱን ስም አልናገርም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሠራተኛ ላይ አፈር ተናደበት። ለቤዝመንት የሚቆፈር ጉድጓድ ነው፣ አራት ሜትር ገደማ ወርዷል። ስካቫተሩ ጠርዙ ላይ ቆሞ ይቆፍራል። ያወጣውን አፈር እዚያው ጠርዙ ላይ ይደፋል፣ ሲኖትራኩ ስለዘገየ ክምሩ እያደገ ሄደ። ልጆቹ ደግሞ ከታች ሆነው በአካፋና በዶማ ጥጋጥጉን ያስተካክላሉ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ረፋዱ ላይ ከማሽኑ ሰንሰለት ሥር አፈሩ ተገምሶ ከነክምሩ ወረደ። ማሽኑ ዘንበል ብሎ ቀረ፣ ተመስገን ነው አልወደቀም። ልጁ ግን እስከ ደረቱ ተቀበረ። ጓደኞቹ ተረባርበው አወጡት። በሕይወት አለ፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ዳሌውም ተጎድቷል።

አሁን ቢሮ ጠርተው የአደጋ ሪፖርት ሰጡኝ። «መንስኤ» የሚለው ቦታ ላይ «ሄልሜት ሳያደርግ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» ብለህ ሙላና ፈርም አሉኝ። ሄልሜት አላደረገም፣ እውነት ነው። ግን ለቀን ሠራተኛ መቼ ሄልሜት ታድሎ ያውቃል? ልጁ የጽሑፍ ውል እንኳ የለውም። ፎርማኑ «ወረቀት ነው፣ አታካብድ» ይለኛል። እኔም ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጋሽ ኦፕሬተር፦
አትፈርም ልጄ። መጀመሪያ እሱን ልበልህና ሌላውን ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ዕድሜዬን ማሽን ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዶዘርም፣ ሎደርም፣ ስካቫተርም ነድቻለሁ። አንተ በነገርከን ታሪክ ውስጥ ሄልሜት ምንም ቦታ የለውም። ሄልሜት ከላይ ለሚወድቅ ጠጠርና ብሎን ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይመዝናል፣ ውኃ ከጠጣ ደግሞ ይብሳል። የቤት መኪና ደረትህ ላይ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ የፕላስቲክ ቆብ ምን ይፈይዳል?

ወደ ማሽኑ ልምጣ። በየሳይቱ የምታዩት ስካቫተር አብዛኛው ከ20 ቶን በላይ ነው። ቆሞ ስታየው ክብደቱ ሁለቱም ሰንሰለት ላይ እኩል ያረፈ ይመስላል። ባኬቱን ሞልቶ ሲዞር ግን የዞረበት በኩል ያለው ሰንሰለት ነው አብዛኛውን የሚሸከመው። ያ ሰንሰለት ጠርዝ ላይ ከሆነ ጭነቱ ሁሉ ግድግዳው ላይ አረፈ። ክምሩን ጨምርበት፣ የማሽኑን ንዝረት ጨምርበት፣ የሌሊቱን ዝናብ ጨምርበት።

ደግሞ ኦፕሬተሩን ብቻ ስቀሉት እንዳትሉ። ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። ሲኖው ይቀራል፣ ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ «ዝም ብለህ ቆፍር፣ አፈሩን እዚያው ድፋው» ይላል። እምቢ ያለ ኦፕሬተር በማግሥቱ ይቀየራል። እኔ በበኩሌ የምሠራበት ልክ ቀላል ነው፤ ጉድጓዱ አራት ሜትር ከሆነ እኔም ከጠርዙ አራት ሜትር እርቃለሁ። የ20 ቶን ማሽን ክንድ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይዘረጋል፣ «አይደርስም» የሚለኝን ሰው አልሰማም። ከታች ሰው ካለ ደግሞ ባኬት አላንቀሳቅስም። ወይ ሰው ይውጣና ልቆፍር፣ ወይ እኔ ላቁምና ሰው ይግባ።

ቁርጡን ንገሩት፦
ስልክ ይዞ ጀግና መሆን ቀላል ነው። እሱ ባይፈርም ሰኞ ሌላ ታይም ኪፐር ይቀጠራል፣ ያኛው ይፈርማል፣ ወረቀቱ ያው ነው። የተጎዳው ልጅ ምንም አያገኝ፣ ይሄኛውም ሥራ አጥ ይሆናል። የቤት ኪራዩን እናንተ ትከፍሉለታላችሁ? አደጋ ደግሞ የመጣ ነገር ነው። ልጁ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፣ እሱን አመስግኑ።

የዋልካ ባለጉዳይ፦
የኪራዩ ነገር ገብቶኛል፣ አልከራከርህም። «የመጣ ነገር» የምትለዋን ግን ማለፍ አልችልም። እኔ የአፈር ምርመራ ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፣ ዋልካ እንዴት እንደሚገድል በደንብ አውቃለሁ።

ዋልካ ደረቅ ሲሆን ሲቆፈር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግድግዳ ይመስላል። ፎርማኑም ያየዋል፣ «ይሄማ ድንጋይ ነው» ይላል፣ ድጋፍ ሳይሠራ፣ ጥጉንም ሳያጋድም ሰው ያስገባል። ግን ያው አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ወደ ታች ጠልቆ ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በስንጥቁ ይገባል። ውስጥ ለውስጥ አፈሩን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከኋላ ሆኖም ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው በትንንሹ አይረግፍም፣ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው። ታች ያለ ሰው ዞሮ ለማየት እንኳ ጊዜ የለውም። ስለዚህ «ትናንት ምንም አልሆነም» የሚባለው ነገር ማስረጃ አይደለም። ትናንት ደረቅ ነበር።

አስቀድሞ ምልክት አለው። ከጠርዙ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ። ትንንሽ ጓል ሳይነካ መርገፍ። የግድግዳው መሐል ወደ ውስጥ ማበጥ። ከሥሩ ውኃ ማዠት። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጉድ አለብን፤ የድሮ ሰፈር ፈርሶ ሲቆፈር ማንም ያልመዘገበው የሽንት ቤት ጉድጓድ ይኖራል፣ ተሞልቶ የተረሳ። ጠርዙ እዚያ ላይ ከወደቀ አፈሩ ከመጀመሪያውም ተይዞ አልነበረም።

ወንድሜ ታይም ኪፐር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉድጓዱ አሁን ምን ላይ ነው? ሰው እየገባበት ነው?

ታይም ኪፐሩ፦
አዎ ገብተዋል። የተናደውን ካነሡ በኋላ በሌላኛው ጎን ቀጥለዋል። መሰላል የለም፣ የሚወጡት በተቆፈረው ዳገት ነው።

የዋልካ ባለጉዳይ፦
እንግዲያው ሪፖርቱን ለጊዜው ተወውና ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በጠርዙ ዙሪያ ዙር። ታች አትውረድ፣ ከላይ ሆነህ ከጠርዙም ራቅ ብለህ መሬቱን እይ። የነገርኩህን ስንጥቅ ካየህ ፎቶ አንሣና ለሳይት ኢንጂነሩ በጽሑፍ ላክለት። በቃል አይደለም፣ በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ። ጽሑፍ ሲደርሰው ዝም ማለት ይከብደዋል።

ድንገተኛ ክፍል፦
ነርስ ነኝ። ስለ አወጣጡ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህም ላይ ነው።

እስከ ደረት የተቀበረ ሰው አፉና አፍንጫው ክፍት ቢሆንም ሊታፈን ይችላል። አየር ባወጣ ቁጥር አፈሩ ተከትሎ ይጠብቃል፣ መልሶ ለመሳብ ደረቱ ቦታ ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከራሱና ከደረቱ ዙሪያ ያለው አፈር ነው የሚነሣው፣ እግሩ በኋላ ይደርሳል። በገመድ አስራችሁ አትጎትቱት፣ አከርካሪው ይጎዳል። በባኬት ልታወጡት ደግሞ በፍጹም አታስቡ። ማሽኑ ይጥፋ፣ በአካባቢው ያለ መኪናም ሁሉ ይቁም፣ ንዝረቱ ሌላውን ግድግዳ ያወርዳል።

ሌላው፣ እግሩ ወይም ጭኑ ለረጅም ሰዓት ተጨፍልቆ የቆየ ሰው ከተጫነው ነገር ሲላቀቅ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ሲያወራ፣ ሲቀልድ የነበረ ሰው ማለቴ ነው። የተጨፈለቀው ጡንቻ ያጠራቀመው ፖታሺየምና ሌላ ቆሻሻ ወደ ደም ይለቀቅና ልብን ያቆማል፣ ኩላሊትንም ያበላሻል። ስለዚህ አፈሩ ሳይነሣለት ጀምሮ ግሉኮስ የምትሉት ዓይነት ፈሳሽ በደም ሥር ሊሰጠው የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወዲያው 939 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «እኛው እናወጣዋለን» እያላችሁ ሰዓት አትፍጁ፣ አንዱ ይቆፍር አንዱ ይደውል።

የጎፋን አስታውሱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጠው ሰው ነው በሁለተኛው ናዳ የተቀበረው። ያ ተራራ ነበር፣ የናንተው ጉድጓድ ነው፣ ግን ነገሩ አንድ ነው። አንድ ጊዜ የተናደ ጎን ሁለተኛ ይናዳል። ጓደኞቹ የገቡት ድፍረት ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ሁሉም የወጡት ግን በዕድል ነው።

ሜሪላንድ ነኝ፦
እዚህ የቧንቧ መስመር ቁፋሮ ላይ ነው የምሠራው። አበሻ በብዛት ከታክሲና ከፓርኪንግ ጋር ይነሣል እንጂ በቁፋሮም አለን። የአሜሪካን ሕግ ልንገራችሁ፣ አስተያየቱን እናንተ ስጡ።

1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ቦታው ጠንካራ አለት ካልሆነ በቀር፣ ግድግዳው ይደገፋል ወይም ይጋደማል ወይም ግድግዳውን የሚይዝ የብረት ሳጥን ይገባለታል። ያለዚያ ሰው አይገባም። ከ1.2 ሜትር ጀምሮ መሰላል ግዴታ ነው፣ ሠራተኛውም ከ7.5 ሜትር በላይ ሳይሄድ ሊደርስበት ይገባል። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቃል። በየቀኑ ሥራ ሳይጀመር፣ ከዝናብ በኋላም እንደገና፣ ለዚያ የተመደበና የሠለጠነ ሰው ያየዋል። ያ ሰው «ውጡ» ካለ አለቃም ቢሆን ይወጣል። ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ መሐንዲስ ዲዛይን ያደርገዋል።

አሜሪካ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት ቁፋሮ 39 ሠራተኞች ሞተዋል። ጩኸቱና ቁጥጥሩ ሲጠነክር በ2023 ወደ 15 ወረደ። አፈሩ አልተለወጠም፣ ሰው ገብቶበት የሚቆምበት ሁኔታ ነው የተለወጠው። «የመጣ ነገር» ያልከው ወንድሜ፣ ይሄን ቁጥር እየው።

የካባ ልጅ፦
እናንተ መሰላል፣ ሳጥን ትላላችሁ። እኔ ደብረ ዘይት ዙሪያ ቀይ አሸዋ የሚወጣበት ካባ ላይ ነበርኩ። እዚያ ሥራው ራሱ ንዶ ማውረድ ነው። ከሥር ትቦረቡራለህ፣ ከላይ ያለው እንዲወርድልህ ትጠብቃለህ፣ ሲወርድ ትሮጣለህ። ካልወረደ ጠጋ ብለህ ትጨምርበታለህ። ሎደሩም እዚያው ሥር ገብቶ ይጭናል። ሰው የሚተርፈው በጆሮው ነው፣ ሲሰነጠቅ ድምፅ አለው ይባላል። ሁልጊዜ ግን የለውም።

ወሎ ደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት ዋሻ በ2016 ተደርምሶ ልጆቹ ውስጥ የቀሩ ጊዜ አገር ሁሉ ተንጫጫ። ሁለት ሳምንት። የካባውንማ ማን ሰምቶት ያውቃል? አንድ አንድ እየሆነ ስለሚሞት ዜና አይሆንም።

ጠበቃዋ፦
ዘግይቼ አየሁት። ታይም ኪፐር ወንድማችን፣ «ወረቀት ነው» ያለህ ፎርማን ወይ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል። ያቺ ዓረፍተ ነገር የልጁን ካሳ ለማስቀረት የተጻፈች ነች።

ላስረዳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው «ትንሽ ቸልተኛ ነበር» ማለት ብቻውን አሠሪውን አያድነውም። የሚያድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ሕጉ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይቆጥራል፤ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት። «ሄልሜት ሳያደርግ» የምትለዋ ቃል የተመረጠችው ለመጀመሪያው ነው። አሁን ጥያቄው፣ ሄልሜት ተሰጥቶት ነበር ወይ? መመሪያው ተነግሮት ያውቃል ወይ? የፈረመበት ወረቀት አለ ወይ? ከሌለ መከላከያው ባዶ ነው። ጋሽ ኦፕሬተር እንዳሉት ደግሞ ሄልሜት ኖረም አልኖረም እግሩ ያው ይሰበር ነበር።

ውል አለመኖሩ አያስፈራችሁ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፣ ጽሑፍ አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። መሥራቱን ማስረዳት ግን ግድ ነው። እዚህ ላይ አንተ ትልቅ ሰው ነህ ወንድሜ። የአንተ የመገኘት መዝገብ ነው ዋናው ማስረጃ።

የሚገባውን ደግሞ እወቁት። የሕክምና ወጪው በአሠሪው ነው፣ ቀዶ ሕክምናውም፣ መድኃኒቱም፣ ካስፈለገ ሰው ሠራሽ አካልም። ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ቀሪዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ዘላቂ ጉዳት ካስከተለበት ለብቻው ይታያል፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ሆኖ ከቀረና የጡረታ ሽፋን ከሌለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታም አለበት። ካላሳወቀ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ሪፖርቱን በተመለከተ «አልፈርምም» ብለህ አትጋጭ። ያየኸውን ጻፍ። ሰዓቱን፣ ማሽኑ የት እንደቆመ፣ ክምሩ የት እንደነበረ፣ ሌሊት መዝነቡን። «መንስኤ» የሚለውን ክፍት ተወውና «የቴክኒክ ምርመራ የሚያስፈልገው ነው» በል። ታይም ኪፐር የአፈር መደርመስ መንስኤ የመወሰን ሥልጣንም እውቀትም የለህም፣ ይህን ብትል ማንም ሊወቅስህ አይችልም። ፈርመህ ስታስረክብ ኮፒ ያዝ።

ቁርጡን ንገሩት፦
ይሄ ይሻላል። «አትፈርም» ከሚለው ይሄ ይሻላል። እኔ ያልኩትም እኮ ሰውየው እንጀራውን እንዳያጣ ነው።

ጎረቤት፦
ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው። አጠገባችን ሕንፃ ሊሠራ ተቆፍሮ የእኛ አጥር ተሰንጥቋል፣ የሳሎናችን ግድግዳም ጀምሯል። እኛስ?

ጠበቃዋ፦
ጎረቤት፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ላይ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል። ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ቀን ያለበት ፎቶ እያነሣችሁ ያዙ፣ ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤትም በጽሑፍ አመልክቱ። ግድግዳው ከጀመረ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አትተኙ።

ታይም ኪፐሩ፦
ተመለስኩ። ጠዋት ዞርኩ። በምዕራቡ ጎን ከጠርዙ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፣ ከጠርዙ ጋር እኩል ይሄዳል። መጨረሻው ላይ መሬቱ ጠቆር ያለና የላላ ነው፣ የአፈር መሐንዲሷ እህቴ ያለችው የተሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይመስለኛል። ፎቶውን ለሳይት ኢንጂነሩ ላክሁለት። ራሱ መጥቶ አየና ልጆቹን አስወጣ። ፎርማኑ «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንከው» አለኝ፣ ዝም አልኩት። ሪፖርቱንም እንዳልሽው ጽፌ ሰጠሁ ጠበቃዋ። ሲያነቡት ፊታቸው ጠቁሯል፣ እስካሁን ግን ምንም አላሉኝም።

ጋሽ ኦፕሬተር፦
ጎበዝ። ማሽኑ በዚያ በምዕራቡ ጎን እንዳይሄድ ሪባን ይወጠር። የዛሬ ዝናብ ካልጠፋ ነገ ያ ጎን አይኖርም።

የተጎዳው ወንድም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊንኩን ሰው ላከልኝ፣ የተጎዳው የእኔ ታናሽ ወንድም ነው ብዬ አስባለሁ፣ ታሪኩ ያው ነው። ትናንት ከድርጅቱ ሁለት ሰዎች ሆስፒታል መጥተው የሕክምናውን ከፍለን በዛ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንሰጣችኋለን፣ «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይፈርም አሉን። እናታችን ተቀበሉ ትላለች። ብሩ ያስፈልገናል፣ አልዋሽም።

ጠበቃዋ፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። የሕክምናውን ክፍያ ተቀበሉ፣ እሱ ግዴታቸው ነው፣ ለእሱ ምንም ፊርማ አያስፈልግም። «ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ግን አሁን አይፈርም። የጉዳቱ መጠን በመቶኛ የሚወሰነው በሕክምና ቦርድ ነው፣ የዳሌ ጉዳት ደግሞ ምን ትቶ እንደሚሄድ ዛሬ አልጋ ላይ ሆኖ ማንም አያውቀውም። ለእናታችሁ እንዲህ በሏት፣ ብሩን እምቢ አላልንም፣ ቦርዱ እስኪያይ ጠብቁን አልን እንጂ። እንዳትዘገዩ ግን፣ የመክሰሻ ጊዜ አለው፣ ያልፋል። የሆስፒታሉን ካርድ ኮፒ፣ ደመወዝ ሲቀበል የፈረመበት ነገር ካለ እሱን፣ አብረውት የነበሩትን የሁለት ልጆች ስልክ ይዘህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ታይም ኪፐር፣ አንተ መዝገቡን ከቢሮ አታውጣ፣ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ራሳቸው ያቀርቡታል። የእሱ ስም ያለበትን ገጽ ፎቶ ግን አንሥተህ አስቀምጥ።